እዚሁ የተገጣጠመች ወይስ ከውጭ የገባች? ከጅማ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

የጠያቂው ጉዳይ ባጭሩ የሚከተለው ነው። በጅማ ከተማ የሚኖሩ አንድ መምህር የመጀመሪያ መኪናቸውን ሊገዙ ተነስተዋል፤ ያጠራቀሙት ገንዘብም ከሁለት መኪኖች አንዷን ያስገዛቸዋል። አንደኛዋ ክፍሎቿ ከቻይና መጥተው እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ የተገጣጠመች፣ በፈረንጅ አቆጣጠር 2014 ሞዴል የሆነች፣ ባለ 1.5 ሊትር ሞተር ሴዳን ናት፤ 148 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዳለች፣ ከአዲስነቷ ጀምሮም በአንድ ባለቤት እጅ ነበረች። ሁለተኛዋ ከጃፓን ወጥታ፣ ዱባይ ላይ መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሮ የገባች የ2006 ሞዴል ቶዮታ ቪትዝ ስትሆን ሞተሯ 1 ሊትር ነው፤ ቆጣሪዋ 96 ሺህ ኪሎ ሜትር ያሳያል። ጠያቂው በየቀኑ ከቆጪ ወደ ቂጦ ፉርዲሳ ይመላለሳሉ፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ አጋሮ ደርሰው ይመለሳሉ፤ በሁለት ወር አንዴ ደግሞ ባለቤታቸውንና ሦስት ልጆቻቸውን ይዘው አዲስ አበባ ይሄዳሉ። «የትኛዋ ሳታስቸግረኝ ትቆያለች? የትኛዋስ ቤንዚን ትቆጥባለች?» ሲሉ ጠይቀዋል።

መምህር፣ በቀጥታ ከመመለሴ በፊት «የሀገር ውስጥ» እና «የውጭ» የሚሉት ቃላት እኛ ሀገር ምን ማለት እንደሆኑ መለየት አለብኝ፤ በጋራዤ ደጃፍ ከሚነሱት ክርክሮች አብዛኞቹ ይህን ካለመለየት የሚመጡ ናቸውና። ጃፓናዊ የሀገሬ መኪና ሲል እዚያው የተነደፈ፣ ሞተሩም እዚያው ተቀልጦ የተሠራ መኪና ማለቱ ነው። እኛ የሀገር ውስጥ የምንለው ግን የተገጣጠመውን ነው። ሞተሩና ካምቢዮው ተጠናቀው በሳጥን ይመጣሉ፤ እዚህ የሚሠራው፣ እንደ ፋብሪካው ደረጃ፣ አካሉን መበየድና መቀባት፣ የኤሌክትሪክ መስመሩን መዘርጋት፣ ወንበርና መስታወት መግጠም፣ ብሎን ማጥበቅ ነው። ኤኤምሲኢ የተባለው ፋብሪካ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የጭነት መኪና ሲገጣጥም፣ በሞጆ የነበረው ሆላንድ ካር መኪኖቹን አባይ፣ አዋሽ፣ ተከዜ እያለ በወንዞቻችን ስም ሲጠራ፣ በኋላም ሊፋን በዱከም ሲገጣጠም ሥራው በመሠረቱ ከዚህ አይወጣም ነበር።

እንግዲህ የሞተር ጥንካሬና የነዳጅ ፍጆታ የሚወሰነው ሞተሩ በተሠራበት እንጂ ብሎኑ በጠበቀበት ቦታ አይደለም። በመገጣጠሚያው ፋብሪካ ጥራት የሚወሰኑት ቀለሙ፣ የበሩ ጎማ ውሃ መያዙ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ ከሹል ብረት ርቆ መታሰሩ፣ የእግር ብሎኖች በልካቸው መጥበቃቸው ናቸው። እነዚህ ጉድለቶች ደግሞ ካሉ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት ራሳቸውን ያሳያሉ፤ ከ10 ዓመት በላይ በሠራች መኪና ላይ ወይ ተስተካክለዋል፣ ወይ በዓይን ይታያሉ። ስለዚህ «እዚህ የተገጣጠመ ስለሆነ አይረባም» የሚለውን የደላላ አነጋገር ከሒሳብዎ ያውጡት።

ሁለተኛው መለየት ያለበት ነገር «አስተማማኝ» የሚለው ቃል ነው። ብዙ ሰው የሚቆጥረው መኪናው ስንት ጊዜ እንደተበላሸ ነው። እኔ የምቆጥረው በዓመት ውስጥ ስንት ቀን እንደቆመ ነው፤ ደንበኞቼንም የምመክረው እንዲሁ እንዲቆጥሩ ነው። በዓመት አራት ጊዜ ተበላሽቶ በአራቱም ቀን ማታውኑ ወደ ቤቱ የተመለሰ መኪና፣ በዓመት አንዴ ተበላሽቶ ወር ከቆመው ይሻላል፤ በተለይ እንደ እርስዎ አጋሮ ላይ ሰው ለሚጠብቀው።

አንድ ያየሁትን ልንገርዎ። ባለፈው ክረምት እዚሁ ሀገር የተገጣጠመ ሴዳን ያለው ደንበኛ ከሰርቦ ተጎትቶ መጣ። ብልሽቱ ከሞተሩ ቴስታታ (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጎን ላይ የምትገጠም፣ የውሃ ቱቦ የሚሰካባት፣ መዳፍ የማትሞላ የፕላስቲክ ክፍል መሰንጠቋ ነበር። ሞተሩ ቶሎ ስለጠፋ አልነደደም፣ ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ሥራው ቢበዛ የአርባ ደቂቃ ነው። ዕቃዋን ግን ጅማ መርካቶ ውስጥ አጣን፤ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አስፈለግን፣ «የዚያ ሞዴል ዕቃ መምጣት አቁሟል» የሚል መልስ መጣ፤ አንዱ የምትመሳሰል ብሎ በአውቶቡስ ላከልን፣ ከመናኸሪያ ተቀብለን ስንለካት የብሎኗ ቀዳዳ በሦስት ሚሊ ሜትር ተዛንፏል። መኪናው 19 ቀን ከቆመ በኋላ የተሰነጠቀችውን ይዤ ብረት የሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ሄድኩና ከአሉሚኒየም አስቆረጥናት። እስከ ዛሬ ትሠራለች፤ ከፋብሪካዋ ትሻላለች ማለትም ይቻላል። 19 ቀኑ ግን 19 ቀን ነው።

ይህን የምነግርዎ የሴዳኗ ሞተር መጥፎ ነው ለማለት አይደለም። የአስተማማኝነት ጥያቄ በጅማ ሁኔታ ከሞተሩ ይልቅ የመለዋወጫ ሰንሰለት ጥያቄ መሆኑን ለማሳየት ነው። መገጣጠሚያው ሲዘጋ ወይም ዋናው አምራች ሞዴሉን ሲተወው ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ሆላንድ ካር በ2005 ዓ.ም. ከስሮ ሲዘጋ የገዙት ሰዎች ያጋጠማቸው ይህ ነው፤ የሊፋን ዋና ኩባንያም ቻይና ውስጥ በ2012 ዓ.ም. ማገባደጃ በፍርድ ቤት በሚመራ የዕዳ መልሶ ማዋቀር ውስጥ ገብቷል። በአንጻሩ ቪትዝና ያሪስ በሀገሪቱ ብዙ ከመሆናቸው የተነሳ የሚያልቅ ዕቃቸው ሁሉ፣ የፍሬን ሸራው፣ ቴስቲኒው፣ አሞርዛተሩ፣ ካንዴላው፣ የውሃ ፖምፓው፣ ከመርካቶአችን ሳይወጡ ይገኛል፤ አንድ ሱቅ ቢያጣ ጎረቤቱ ያወጣል። በእርግጥ ብዛቱ የራሱ ጣጣ አለው፤ «ኦሪጅናል» ተብሎ በካርቶን የሚሸጠው ሁሉ ኦሪጅናል አይደለም፣ ከተፈታ መኪና የወጣ ደህና ዕቃም አንዳንዴ ከአዲሱ አስመሳይ ይበልጣል።

ይሁን እንጂ ከውጭ የገባ መኪና ሁሉ አይቆምም ማለት እንዳልሆነ ደግሞ ልጨምር። ጋራዤ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ የቆመ መኪና ከውጭ የገባ ነበር፤ ሁለት ወር ከአንድ ሳምንት። ካምቢዮው ሲቪቲ የሚባለው፣ ማርሽ በመቀያየር ፈንታ በብረት ቺንጋና በሁለት ፑሊ የሚሠራው ዓይነት ሲሆን፣ ይህ ካምቢዮ የራሱ የተለየ ዘይት አለው። አንድ ሠራተኛ ተራውን የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ሞላበት። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ቺንጋው እየተንሸራተተ የፑሊውን ፊት ፈጨው። የቪትዟን ሻጭ ካምቢዮዋ የትኛው ዓይነት እንደሆነና መጨረሻ ምን ዘይት እንደተሞላ ይጠይቁ፤ «ያው የካምቢዮ ዘይት ነዋ» ካለ ይጠንቀቁ።

አሁን ወደ ቪትዟ ልግባ፤ በእርሷ ላይ ሁለት ነገር አሳስቦኛል። አንደኛው ቆጣሪው ነው። ወደ 20 ዓመት የተጠጋት መኪና 96 ሺህ ብቻ ከሄደች በዓመት 5 ሺህ ገደማ ትነዳ ነበር ማለት ነው፤ ይህ የማይቻል ባይሆንም አዲስ አበባ ውስጥ ለቆየ ቪትዝ ለማመን ይከብዳል። ቆጣሪ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ የፍሬን መርገጫው ጎማ፣ የመሪው ቆዳና የሾፌሩ ወንበር ጠርዝ ግን አይመለሱም። የመርገጫው ጎማ ተበልቶ ብረቱ እየታየ፣ ወይም አዲስ ጎማ ከአሮጌ መርገጫ ላይ ተለብጦ፣ ቆጣሪው 96 ሺህ የሚል ከሆነ ቆጣሪውን ይተዉት። የስሪት ዘመኗን ደግሞ ከሊብሬው ብቻ ሳይሆን ከሻንሲ ቁጥሯ ያመሳክሩ፤ ባለ 1 ሊትሩ ሁለተኛው ትውልድ ቪትዝ ቁጥሩ በኬኤስፒ90 ይጀምራል፣ ከእርሱ የቀደመው በኤስሲፒ10። የ2006 ናት ተብላ በኤስሲፒ10 የምትጀምር ከሆነ ሞዴሏ እንደተነገረዎት አይደለም።

ሁለተኛው የመሪው መዛወር ነው፤ ይህን ከሁሉም በላይ አጥብቄ እናገራለሁ። መሪ ሲዛወር የሚሄደው ክቡ መሪ ብቻ አይደለም፤ የመሪ ሳጥኑ፣ የፍሬን መርገጫውና ፖምፓው፣ ዳሽቦርዱ፣ የዝናብ መጥረጊያው ክንድ፣ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለው የገመድ ጥቅል ሁሉ ቦታ ይለውጣል። ሥራው በጥንቃቄ ከተሠራ ችግር የለውም፤ በችኮላ ከተሠራ ግን የገመዱ ቅጥያ ከዓመታት በኋላ ይዝጋል፣ እንደ ጅማ ባለ ዝናቡ ብዙ ወር በሚቆይበት ከተማ ደግሞ ቶሎ ይዝጋል። በእግርዎ በኩል ያለውን ምንጣፍ ያንሱት። እርጥበት፣ አረንጓዴ ዝገት የያዘ የመዳብ ገመድ ወይም በፕላስተር የተጠቀለለ ቅጥያ ካዩ ገመድ የሚያውቅ ኤሌክትሪሻን ሳያይልዎ አይዋዋሉ። በመንገድ ላይ ሲሞክሯት መሪውን ሙሉ ወደ ግራ፣ ከዚያ ሙሉ ወደ ቀኝ ያዙሩና የዞረበትን ብዛት ይቁጠሩ፤ ከመሐል ተነስቶ ወደ ሁለቱም ጎን እኩል መሆን አለበት።

በመንገድ ላይ ስትቆም ሞተሯ ትንሽ ቢንቀጠቀጥ አይደንግጡ፤ ባለ ሦስት ሲሊንደር ሞተር ተፈጥሮው ነው። የሞተር ጎሚኒ (ሞተሩ የሚቀመጥበትን ጎማ) በከንቱ ሲያስቀይሩ የኖሩ ሰዎች አውቃለሁ።

ወደ ነዳጁ እንምጣ። በመጀመሪያ በፋብሪካ ወረቀት ላይ የሚጻፈውን የሊትርና የኪሎ ሜትር ቁጥር በማነጻጸር አይድከሙ። የቪትዟ ቁጥር የተለካው በጊዜው ጃፓን ትጠቀምበት በነበረው፣ ከ70 ኪሎ ሜትር በሰዓት በማያልፈው የከተማ መለኪያ ነው፤ የሴዳኗ ዘመን የቻይና መኪኖች ደግሞ የሚለኩት እስከ 120 በሚሄደው የአውሮፓ የድሮ መለኪያ ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ በቁና የተሰፈረን በኪሎ ከተመዘነ ጋር እንደማወዳደር ነው፤ ሁለቱም ደግሞ የተለኩት በላቦራቶሪ እንጂ በጊቤ ቁልቁለት አይደለም።

ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው በግምት በአንድ አምስተኛ የሳሳ ነው። ቱርቦ (አየር አጭቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ጉልበቱን ወደዚያው በተጠጋ መጠን ያጣል፤ በወረቀት 71 የፈረስ ጉልበት ያላት ቪትዝ እዚህ ከ60 በታች ይዛ ነው የምትንቀሳቀሰው። ብዙ ሰው ከዚህ ተነስቶ «ደጋ ላይ መኪና ነዳጅ ይበላል» ይላል፤ ይህ ለካርቡራተር መኪና እውነት ነበር፤ ካርቡራተር የአየሩን መሳሳት ስለማያውቅ ቤንዚኑን እንደ ቆላው መጠን ይለቃልና። የእርስዎ ሁለቱም እጩዎች ግን በኮምፒውተር የሚረጩ ናቸው፤ ኮምፒውተሩ የአየሩን መጠን ለክቶ ቤንዚኑን ይቀንሳል። ስለዚህ ከፍታው ጉልበት እንጂ ነዳጅ አይወስድብዎትም፤ እስካላስጨነቋት ድረስ። ትንሽ ሞተር አምስት ሰው፣ ጓዝና የአንድ ኩንታል ቡና ግማሽ ጭኖ ከጊቤ ድልድይ ወደ አበልቲ ሲወጣ ነዳጅ መርገጫው ወለል ይነካል፤ በዚያ ጊዜ ኮምፒውተሩ ሞተሩን ለማቀዝቀዝ ጭምር ብሎ ቤንዚን ያበዛል። በዚያ ዳገት ላይ ባለ 1.5 ሊትሯ ሴዳን ተረጋግታ ስትወጣ ከቪትዟ ብዙ የማትርቅ ፍጆታ ብታሳይ አይግረምዎት።

አሁን በቁጥር እንየው። የከተማው በወር 520 ኪሎ ሜትር፣ የአጋሮው ወደ 800፣ የአዲስ አበባው በሁለት ወር አንዴ ስለሆነ በወር ሲካፈል 350 ይሆናል፤ ጠቅላላው 1,670። ለስሌት ያህል ሁለቱም በደህና ሁኔታ ላይ ሆነው ቪትዟ በሊትር 15፣ ሴዳኗ 12.5 ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ ብንል፣ አንዷ 111 ሌላዋ 134 ሊትር ገደማ ይጠጣሉ። ልዩነቱ በወር ከ22 እስከ 23 ሊትር ነው። የቤንዚን ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ በሊትር ልተውልዎት፤ በዕለቱ ዋጋ ራስዎ ያባዙት። ትንሽ ገንዘብ አይደለም፤ ግን በተበላሸ መኪናና በደህና መኪና መካከል ካለው ልዩነት ያንሳል።

ይህን ያልኩበትን ምክንያት ላስረዳ። በየሰፈሩ መካኒክ ዘንድ ሥር የሰደደ አንድ ልማድ አለ፤ ሞተር ሲግል ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል። «ለእኛ ሀገር አያስፈልግም፣ ለበረዶ ሀገር የተሠራ ነው» ይባላል። ቴርሞስታት ውሃው ሰማንያ ምናምን ዲግሪ እስኪደርስ ወደ ራዲያተር እንዳያልፍ የሚዘጋ በር ነው። በሩ ከሌለ ውሃው ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ይዞራል፤ በጅማ ማለዳ ደግሞ ከቆጪ ቂጦ ፉርዲሳ እስኪደርሱ ሞተሩ አይሞቅም። ኮምፒውተሩ «ገና ቀዝቃዛ ነው» ብሎ ስለሚያምን ቤንዚን ማብዛቱን አያቆምም፤ ዘይቱም ስላልሞቀ የሞተሩ ብረት ቶሎ ያልቃል። አንድ ደንበኛ መኪናው ነዳጅ እንደሚበላ ሲነግረኝ መጀመሪያ ያየሁት የሙቀት መለኪያው ቀስት ነበር፤ ግማሽ ሰዓት ከነዳን በኋላ እንኳ ከታችኛው መስመር ብዙም አልተነሳም። የውሃ ቱቦውን ፈትቼ ጣቴን ስሰድ ባዶ ቤት ነው። ቴርሞስታት ገጠምንለት፤ በሊትር 10.5 ይሄድ የነበረው ወደ 13 ወጣ። ያ ልዩነት እርስዎ በሁለቱ መኪኖች መካከል ከሚፈልጉት ልዩነት ጋር እኩል መሆኑን ልብ ይበሉ።

የሚወጣውን ጭስ እየለካ ለኮምፒውተሩ የሚነግረው የኦክስጅን ሴንሰርም እንደዚሁ ነው፤ ሲበላሽ ፍጆታውን በከፋ ሁኔታ እስከ 40 በመቶ ሊያንረው ይችላል። የማርሚታውን ካታሊቲክ (የጭስ ማጣሪያ) አውጥተው የሸጡ ሰዎች ሴንሰሩን በገመድ አስረው ያንጠለጥሉታል፤ ከመኪናው ሥር ተንበርክከው ካዩት አይደበቅም። የአየር ፊልትሮ ግን፣ ምንም እንኳ ሁሉም ሰው ነዳጅ የሚያስበላው እርሱ ነው ቢልም፣ በሚረጭ ሞተር ላይ ሲቆሽሽ የሚወስደው በዋናነት ጉልበት ነው።

ፍጆታን በነዳጅ መለኪያው ቀስት አይለኩ። በአንድ ማደያ፣ በአንዱ ፓምፕ፣ መቅጃው ራሱ እስኪዘጋ ድረስ ይሙሉ፤ ቆጣሪውን ይጻፉ፤ ቢያንስ 300 ኪሎ ሜትር ነድተው እዚያው ፓምፕ ላይ እንደገና ይሙሉና የሄዱትን ለሞሉት ሊትር ያካፍሉ። 412 ኪሎ ሜትር ሄደው 31 ሊትር ከሞሉ 13.3 ነው። ሻጩ «18 ትሄዳለች» ሲልዎት በየትኛው መንገድና እንዴት ለክቶ እንደሆነ ይጠይቁት።

ስለ ኤሌክትሪክ መኪና አልጠየቁኝም፣ ገንዘብዎም እዚያ እንደማይደርስ ገምቻለሁ። ሆኖም ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መከልከሉ የእርስዎንም ግዢ ይነካል፤ ሁለቱም እጩዎችዎ ከእንግዲህ ቁጥሩ በማይጨምር መንጋ ውስጥ ያሉ ናቸው። ይህ ብዙ ቁጥር ያለውን ሞዴል ይጠቅማል፤ ከተፈታ የሚወጣ ዕቃው ለዓመታት አይነጥፍምና።

በእኔ ፍርድ ቪትዟን ቢገዙ ይሻላል፤ ጃፓን ስለተሠራች ሳይሆን ዕቃዋ ጅማ ውስጥ ስላለና ከቀን ወደ ቀን የሚነዷት ብቻዎን፣ በቀላል ጭነት ስለሆነ። የአዲስ አበባው ጉዞ ምርጫውን አይወስንልዎ፤ በሁለት ወር አንዴ ለሚመጣ ጉዞ ብሎ መኪና መምረጥ ለሠርግ ቀን ብሎ የዓመት ጫማ እንደመግዛት ነው። ነገር ግን የመሪዋ ሥራ ወይም የገመዷ ቅጥያ ካጠራጠረዎት፣ ወይም መርገጫዋ የቆጣሪዋን ውሸት ካጋለጠ፣ ሳያመነቱ ወደ ሴዳኗ ይመለሱ። ታሪኳ የታወቀ፣ በአንድ ሰው እጅ የቆየች መኪና ትልቅ ነገር ናት። በዚያ ጊዜ ግን ከዋጋው ላይ ተደራድረው የተረፈዎትን ገንዘብ ለዕቃ ያውሉት፤ የቤንዚን ፖምፓ፣ የውሃ ፖምፓ፣ ኮይል፣ የፍሪሲዮን ዲስክ፣ እነዚያን የፕላስቲክ የውሃ ማለፊያዎችም ጭምር ከሶማሌ ተራ ሳይበላሹ በፊት ገዝተው ቤትዎ ያስቀምጡ። ውሉን ከመፈረምዎ በፊት የዕቃዎቹን ዝርዝር ለሁለት ሱቅ ልከው ያስጠይቁ፤ ግማሹን እንኳ ማግኘት ካልቻሉ መልሱን አግኝተዋል።

ለማየት ሲሄዱ በማለዳ ይሂዱ፤ ሻጩም ሞተሩን ሳያስነሳ እንዲጠብቅዎት ከማታው ይንገሩት። ሲደርሱ ኮፈኑን ከፍተው እጅዎን ሞተሩ ላይ ያሳርፉ። ለብ ብሎ ካገኙት ሌላ ቀን ቀጥረው ይመለሱ፤ የቀዝቃዛ ሞተር ድምፅና ጭስ ሳይሰሙና ሳያዩ በየትኛዋም መኪና ላይ ቀብድ አይክፈሉ።